እንሶስላችንን ስለ በላው ባለ መኪና ጃርት

ለክቡር ኦቦ ዋቆ
የአረንጓዴ ኃይልና የፈጠራ ሥራዎች አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

አካም ጅርቱ? እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ አዲሶቹ ሙሽሮችም፣ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች በሙሉ፣ ነጩ ፒክአፕ መኪናችሁም ሳይቀር እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ትንሽ ከደከመኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን የእጆችዎን ደህንነት በተለየ አክብሮት መጠየቅ እወዳለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታልና አሁን አይቸኩሉ።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ ገለቴ ቦሩ እባላለሁ። ሰበታ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ካስተማርኳቸውም አንዷ የእርስዎ ልጅ ማርቲ ናት። ይህን ደብዳቤ አደባባይ ያወጣሁት ደፍሬ አይደለም። በፖስታ አሽጌ በመዝገብ ቤታችሁ በኩል ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች እንደ ወጡ ቀሩ፤ መልስ ያመጣው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ዝቅ ብሎ በክብር የሚነሣው የጃርቱ ደብዳቤ ነው። እንግዲህ ብዙ ሰው ካነበበው አንዱ ደግ ሰው ለእርስዎ ይነግርልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ትንሽ ላብራራ፤ እርስዎ እንኳ ያውቁታል፣ በቴሌቪዥን ሲያብራሩት አይቻለሁ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ አንድ የዶሮ ቤት አለ። ዶሮዎቹ የመጡት በአንድ የቀድሞ ፕሮጀክት ነበር፤ ፕሮጀክቱ አለቀ፣ ዶሮዎቹም አለቁ፣ ቤቱ ቀረ። እሱን ጠርገንና ለስነን፣ የፊዚክስ መምህር የሆነው ባልደረባዬ ወንዳፍራሽና እኔ ከተማሪዎቻችን ጋር በተክል ቀለም ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መስታወት እንሠራበታለን። ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ መስታወት ላይ፣ የቀለም ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ዱቄት አቡክተን በስሱ እንቀባና እንጋግረዋለን፤ ሲበርድ በእንሶስላ ሥር ቀለም እንነክረዋለን፤ ሌላ መስታወት በሻማ ጥላሸት እናጠቁርና ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥመን በመካከላቸው ቁስል የሚጠረግበትን ዓይነት አዮዲን ጠብ እናደርጋለን። ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ቀለሙ ብርሃኑን ይይዛል፣ ዱቄቱ ከቀለሙ ይቀበላል፣ ትንሽ ኤሌክትሪክም ይመጣል። ትንሽ ያልኩት አውቄ ነው። ፍሪጅ አያስነሣም፣ ጣሪያ ላይ ከሚሰቀለው ሶላር ጋርም ትከሻ አይለካካም። ነገር ግን ቀለሙ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሳይሆን ከወጨጫ ተራራ ጅረት ዳር የተነቀለ ስለሆነ እኛ ወደድነው።

ከእንሶስላ በፊት ያልሞከርነው የለም። ቀይ ሥር ሞከርን፤ ፀሐይ ገና ስታየው ነጣ። ካርካዴውም፣ እርዱም፣ ቆስጣውም ተራ በተራ አሳፈሩን። እንሶስላው ግን ጸና፤ እሱም ቢሆን ሁሉም አይደለም። ገበያ የሚሸጠው ደርቆና ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ ወጨጫ እየወጣን ሥር እየለቀምን፣ ቀለሙን በፀሐይ እየፈተንን፣ ቶሎ የደበዘዘውን ትተን የጸናውን ከዶሮ ቤቱ አጠገብ እየተከልን፣ ከተከልነውም እንደገና እየመረጥን ዓመታት አሳለፍን። መጨረሻ ላይ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ቀለሙ ንቅንቅ የማይል እንሶስላ አገኘን። በዚያ ቀን ወንዳፍራሽ ሽማግሌነቱን ረስቶ ዘለለ፤ እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት፣ ዘበኛው ኦቦ ቢቂላም ልጅ የተወለደ መስሎት ሮጦ መጣ። ይህን የማወራው ምን እንደነበረን እንዲያውቁልኝ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ። ትልቅ ሰው ጊዜ የለውምና በቁጥር አድርጌያቸዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሰዓቷ።

ጽሕፈት ቤታችሁ የተመረቀ ዕለት ባዶ እጃችንን አንሄድም ብለን፣ በእንሶስላ መስታወት የምትሠራ አንዲት የግድግዳ ሰዓት በስጦታ ይዘን መጣን። መስኮት አጠገብ እንድትሰቀልም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጽፈን ከጀርባዋ ለጠፍን። እናንተም ተቀብላችሁ፣ አጨብጭባችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ፣ ከመዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ኮሪደር ላይ ሰቀላችኋት፤ ያ ኮሪደር ሕንፃው ከቆመ ጀምሮ ፀሐይ ገብቶበት አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ ሰዓታችሁ አትሠራም፣ ኑና አስተካክሉ ተባልን። መጥተን ብርሃን እንደምትፈልግ ብናስረዳ ለባለሙያዎቻችሁ ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ ከራሷ በላይ አንድ ትልቅ አምፖል ሰቅለው ቀኑን ሙሉ ያበሩላት ጀመር። ይኸው እስከ ዛሬ ይበራል፣ ሰዓቷም ቀስ እያለች ትሠራለች፣ እንግዳ በመጣ ቁጥርም የፀሐይ ኃይል ሰዓታችን ተብላ ትጎበኛለች። መብራት ሲጠፋ አብራ የምትቆም የፀሐይ ሰዓት ለማየት የታደልነው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ለዚህ ዕድል ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ወንዳፍራሽ።

ወንዳፍራሽ ያችን አምፖል አይቶ ዝም ማለት አቃተው። እኔ እንኳ ተው ብዬው ነበር። በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ፣ አምፖሏ የምትበላውን መብራት ለሰዓቷ በቀጥታ ብንሰጣት ምን ይለናል ሲል በትሕትና ጠየቀ፤ አዳራሹ ሳቀ፣ እርስዎ ግን አልሳቁም። በዚያው ሰሞን ልምዱን እንዲያካፍል ተብሎ ሱሉልታ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ። የኤሌክትሪክ መለኪያው የግሉ ስለሆነ አብሮት ሄደ። እንግዲህ የሥራችንን ካርታ ይመልከቱልኝ፦ ቀለሙ ሰበታ፣ መስታወቱን የሚቆርጥልን ኢፋ የሚባል ባለሙያ ቡራዩ፣ መለኪያው ሱሉልታ። ሦስቱም አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ናቸውና፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ መሐል ከተማውን አቋርጬ መውጣት አለብኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መስታወቶቼን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከአንዱ ሚኒባስ ወርጄ ሌላው ላይ እጋፋለሁ። አንዱ ረዳት፣ ማዘር ምን ይዘሽ ነው እንደ ሕፃን የታቀፍሽው ቢለኝ፣ ሶላር ነው አልኩት፤ እሱም ከት ብሎ ስቆ፣ እንግዲያውስ መስኮት በኩል ተቀመጪላት ብሎ ሰው አስነሥቶ አስቀመጠኝ። ክቡር ሆይ፣ ያ ረዳት መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ቢቀጠር ሰዓቷ የትም ኮሪደር ላይ አትሰቀልም ነበር።

ሱሉልታ ስደርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጉም ነው። ወንዳፍራሽ መለኪያውን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ሽቅብ እያየ ይጠብቀኛል። ገሌ፣ ዛሬም ፊቷን አላሳየችንም ይለኛል፣ ፀሐይን ነው። ልምዱን ግን እያካፈለ ነው፤ ብርድ ልብስ ለብሶ የማስተማር ልምድ።

ሦስተኛ፦ ስለ ግምገማው ቀን።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ የዶሮ ቤቱና አጠገቡ ያለው የእንሶስላ መደብ ለጽሕፈት ቤታችሁ የበዓል ባነሮችና የተሰባበሩ ወንበሮች መጋዘን እንዲሆን መታሰቡን ሰማን። ስንለማመጥ እናንተም ራራችሁና ፈተና ሰጣችሁን፤ ገምጋሚ ቡድኑ ባለበት ፀሐይ ላይ ወጥቶ የሚሠራ መስታወት ካሳያችሁ ቤቱ የእናንተ ነው፣ ካላሳያችሁ ቁልፉን ታስረክባላችሁ ተባልን። እሰይ አልን፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ የግምገማው ቀን ተነገረን። ሐምሌ አጋማሽ ሆነ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ተወልደው እዚህ ያደጉ ሰው ነዎት፤ በሐምሌ ሰበታ ላይ ፀሐይን ያየ ሰው ካለ ንገሩኝና እኔም ሄጄ እሳለማታለሁ። ቀኑ ይለወጥልን ብለን ብንጠይቅ፣ ዕቅዱ ስለ ጸደቀ አይቻልም፣ ጠንካራ ቴክኖሎጂ ከሆነ ደግሞ ዝናብ አይፈራም የሚል ምላሽ በቃል ተሰጠን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ የለ።

ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥንም። እንሶስላው እያለ ብዙ መስታወት ሠርተን፣ አያይዘን፣ በደመናም ቢሆን አንዲት ትንሽ መብራት እናስነሣለን ብለን ተዘጋጅተን ነበር። ሁሉም ነገር በመደቡ ላይ በነበረው ሥር ላይ የቆመ ነበር ማለቴ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ጃርቱ።

ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ የልጅዎ የማርቲ ሠርግ ላይ ተጠርቼ ነበር፤ ጥሪዋን ይዛ የመጣችው ራሷ ስለሆነች መቅረት አልቻልኩም። ሠርጉ አማረ፣ ምግቡ ጣፈጠ፣ ድንኳኑ ሰፋ፤ እግዚአብሔር ይባርክላችሁ። ሙሽሪት ልትስመኝ ጎንበስ ስትል እጇን አየሁት። እንሶስላ ሞቃ ነበር፣ እስከ አንጓዋ ድረስ። እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ቀለም ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ቀይ ግን ከራሳችን መደብ ውጪ አይቼ አላውቅም። ምን አሰብኩ መሰለዎት? ደስ አለኝ! ይሄ እንሶስላ ከየት ተገዝቶ ይሆን፣ ከእኛው ጋር የሚወዳደር ሥር ተገኘ፣ ለወንዳፍራሽ ልንገረው አልኩ። ማርቲን ጠየቅኋት። እሷም የዋህ ናትና እየሳቀች፣ ቲቸር ከፕሮጀክቱ እኮ ነው፣ አባዬ ነው ያስመጣልኝ አለችኝ። ሳህኔን አስቀመጥኩ። የትኛው ፕሮጀክት ብዬ አልጠየቅሁም፣ በሠርጓ ቀን ልጅቱን ላስከፋት አልፈለግሁም። ቀና ስል ሚዜዎቹ እጅ ላይ፣ አክስቶቿ እጅ ላይ፣ ከበሮ መቺዋ እጅ ላይ፣ በየጠረጴዛው ላይ ያ ቀይ ሲያጨበጭብ አየሁ።

ሰኞ ማለዳ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መደቡ የለም። ተቆፍሯል ስል ትንሽ ተቆፍሮ እንዳይመስልዎት፤ ድንች እንደወጣበት ማሳ ተገላብጧል፣ ጣት የማታክል ችግኝ እንኳ አልቀረችም። አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ኦቦ ቢቂላ መጥተው አጠገቤ ቆሙና ያዩትን ነገሩኝ። ትምህርት ቤቱ በፋሲካ ሳምንት ተዘግቶ ሳለ የጽሕፈት ቤታችሁ ነጭ ፒክአፕ መጣ፤ ሰዎቹም ለጥናት ናሙና ልንወስድ ነው ብለው ነገሯቸው። እሳቸው ጥናት የሚባል ነገር ከእኔ አፍ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ስለሆኑ በሩን ከፈቱ፣ ዶማ አዋሱ፣ ሥሩንም ውሃ ቀድተው አጠቡላቸው። ሲወጡም ጥናታችሁ ይባረክ ብለው መርቀው ሸኟቸው። አሁን ያንን ምርቃት መመለስ ይቻል እንደሆነ እየጠየቁኝ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ኦቦ ቢቂላ ግን ሞኝ አይደሉም፣ ያመኑት መንግሥትን ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን መቁጠር ትቻለሁ፣ ቁጥሩ ራሱ ደከመኝ።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ጻፍኩላችሁ። የጽሕፈት ቤታችሁን ፍጥነት ለማያውቅ ሰው ምስክር እሆናለሁ፤ መልሱ ከነማኅተሙ ደረሰኝ። ባለሙያዎቻችሁ ጉዳዩን አጣርተው፣ በእንሶስላ መደቡ ላይ ጉዳት ያደረሰው ጃርት መሆኑን አረጋግጠዋል፤ ወደፊትም ተመሳሳይ ችግር እንዳይደርስ አጥሩን እንዳጠናክር ተመክሬያለሁ። ጃርት ሥር እንደሚበላ አውቃለሁ፣ አልክድም። ይህኛው ግን በመኪና የሚሄድ፣ ዶማ የሚዋስ፣ የሚበላውን አጥቦ የሚበላ ጃርት ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቼ ነበር፣ በማኅተም ሲላከክ ያየሁት ግን አሁን ነው። ጃርቱ ይህን ደብዳቤ ማንበብ ቢችል ኖሮ ከእኔ በፊት አቤት ይል ነበር።

ደብዳቤውን ያደረሰልኝ መልእክተኛችሁ ጨዋ ሰው ነው። በመቀበያ ደብተሩ ላይ እንድፈርም እስክሪብቶ ሲያቀብለኝ መዳፉን አየሁት፤ እሱም አየኝ፤ ቶሎ ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ስመጣ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ጥፍሮች ቀይ ናቸው፤ ማኅተም የሚመታው ልጅ አውራ ጣት ቀይ ነው፤ ስለ ጃርቱ ያጣራው ባለሙያ በዚያ ሙቀት ጓንት አድርጎ ተቀምጧል። የወሩ ስብሰባ ላይም እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ አረንጓዴ ልማት ሲናገሩ ግራ እጅዎን ከኪስዎ አላወጡም ነበር፤ የመዝጊያው ጭብጨባ ላይ ግን ረሱትና አወጡት። ትንሿ ጣትዎን አየኋት። አባት ነዎትና ሴቶቹ በግድ ይዘው ሳያስሞቁዎ አልቀሩም፣ ደስታ ነው፣ አልፈርድብዎትም። ሌላ ሰው ቢሆን እጅ ከፍንጅ ይለው ነበር፤ እኔ ግን ባለጌ አይደለሁም።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ይህን እንኳ ያለ ቀልድ። እዚህ አገር ለሙሽራ እንሶስላ የሚከለክል ሰው የለም። የጎረቤት ልጅ ስትዳር ይመጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይሰጣቸዋል፤ ደንቡ ነው። ኦቦ ዋቆ፣ እርስዎ ልጄን ልድር ነውና እንሶስላ ስጪኝ ብለው ቢልኩብኝ፣ ዶማውን ይዤ ራሴ እቆፍርልዎት ነበር። ማርቲ እኮ ያስተማርኳት ልጅ ናት! ከመደቡ ዳር ዳር ያለውን እነቅል፣ እናት እናቱን ለዘር እተው፣ ወቅጬ በቅጠል ጠቅልዬ በእጄ አመጣላት ነበር፣ እልልታውንም እመራ ነበር። ሙሽራም ትደምቅ ነበር፣ የዶሮ ቤቱም አይዘጋም ነበር። እናንተ ግን መጠየቅን እንደ ውርደት ቆጠራችሁት። ለሠርግ ነው ማለት ከብዷችሁ ለጥናት ነው አላችሁ፤ ጥናቱንም አጠፋችሁት። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ተረት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው እኛ የተመታነው በራሳችን ጥፋት ሳይሆን በአንድ ሰው ኩራት ነው።

አሁን የቀሩን ከፋሲካ በፊት የሠራናቸው ጥቂት መስታወቶች ብቻ ናቸው። ዛሬ ፀሐይ ላይ ብናወጣቸው ትንሿን መብራት ያበራሉ፤ ትናንትም አብርተዋል፣ ወንዳፍራሽ ከሱሉልታ ድረስ መጥቶ ለክቷቸዋል። በሐምሌ ግን አዮዲኑ ይደርቃል፣ ሰማዩ ይዘጋል፣ በምትካቸው ሌላ እንዳንሠራም ቀለም የለንም። ስለዚህ የዶሮ ቤቱ ነገር የሚወሰነው በእናንተ አንድ ቃል ነው።

ለዚህ ነው ከእግርዎ ሥር ወድቄ አንዲት ልመና የማቀርበው፦ ግምገማው ወደዚህ ወር ወደ ግንቦት ይምጣልን። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፀሐይ ገና አልሸሸችም። ሁለተኛው፣ የእናንተም እጅ ገና አልለቀቀም። ቡድኑ እንዲገመግም የታዘዘው የእንሶስላችን ቀለም ፀሐይን ችሎ መቆየት አለመቆየቱን አይደለምን? እንግዲያውስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ በሳሙና ታጥቦ፣ በፀሐይ ተመትቶ፣ ኪስ ለኪስ ተሸሽጎ፣ ያልደበዘዘ ቀለም! የዓመታት ድካማችን ውጤት የሆነውን ያንን ቀይ ይዛችሁት የምትዞሩት እናንተ ናችሁ። በግምገማው ዕለት የጽሕፈት ቤታችሁ ሠራተኞች በሙሉ ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ተሰልፈው መዳፋቸውን ወደ ፀሐይ እንዲያነሡልን፣ እርስዎም በክብር ትንሿን ጣትዎን እንዲያነሡልን እጠይቃለሁ። እኛም የቀሩትን መስታወቶች አጠገባችሁ እናቆማቸዋለን። ቡድኑ ያነጻጽርና ይፍረድ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለውን ተረት ቢያንስ አንድ ቀን ውሸት ብናደርገው ምን አለበት?

ስለ ጃርቱም አደራ። ከተገኘ እንዳትጎዱት፤ የዋህ እንስሳ ነው፣ ስሙ በከንቱ ጠፍቷል። ይልቁንም መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ ብትቀጥሩት ዶማም፣ መኪናም፣ የማጣራት ልምድም አለው ተብሎ በማኅተም ተመስክሮለታልና አይከብዳችሁም።

ረጅም ደብዳቤ ስላደከምኩዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ እኔም ደክሞኛል፣ ለመጻፍም ለዝም ማለትም። ስላበሩልን አምፖል፣ ለወንዳፍራሽ ስለ ሰጡት ብርድ፣ ለሐምሌ ስለ ቀጠሩልን ፀሐይ፣ እንሶስላችን በሰው እጅ ላይ እንዲህ እንደሚያምር ስላሳዩን፣ ገለቶማ። ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ንጹሕ እጅ ይስጥልን።

ከታላቅ አክብሮትና ከባዶ መደብ ጋር፣

ገለቴ ቦሩ
የኬሚስትሪ መምህርት፣ የዶሮ ቤቱ ቁልፍ ያዥ (እስከ ሐምሌ)
ሰበታ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ማርቲ ከባለቤቷ ጋር ቤቴ መጣች። የሆነውን ሁሉ ከሰው ሰምታ ነበር። ቀይ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አላስችል አለኝና አቀፍኳት፤ እሷ ምን አጠፋች? ከሠርጉ የተረፈ አንድ ያልተወቀጠ ሥር በፌስታል ጠቅልላ አምጥታልኝ ነበር። አውራ ጣት የምታህል ናት፤ ለግምገማችሁ አትደርስም፣ ለልጅ ልጅ ግን ትሆናለች። ተክዬያታለሁ፣ ትናንት አቆጥቁጣ አየኋት። የት እንደ ተከልኳት ለወንዳፍራሽ ብቻ ነግሬዋለሁ፤ እዚህ ላይ ልጽፈው አስቤ ነበር፣ ግን ሁለተኛዋ ልጅዎም እጮኛ ማግኘቷን ሰማሁ፣ እንኳን ደስ ያለዎ።